በሸራ ሥር የላበው ካራቫን፦ ከሱሉልታ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ይህ ጽሑፍ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ሱሉልታ ውስጥ በሚገኝ የተሽከርካሪ ማቆሚያ ግቢ ሁለት ክረምት ቆሞ ያሳለፈን አንድ ካራቫን ይመለከታል። ካራቫን የምለው በመኪና እየተጎተተ የሚሄደውን፣ አልጋ፣ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለውን ተሳቢ ቤት ነው። በመጀመሪያው ክረምት ከዝናብ ለመጠበቅ ብለን ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ ሸራ ጠቀለልነው። ሸራው አንድም ቦታ ሳይቀደድና አንድም ጠብታ ሳያሳልፍ ክረምቱን ጨረሰ፤ ቤቱ ግን ረጥቦና ሻግቶ ተገኘ። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ሸራው ቢቀደድ ኖሮ ጥፋቱን በሸራው አሳበን፣ በሚቀጥለው ዓመት ወፍራም ገዝተን ያንኑ ስሕተት እንደግመው ነበር።

እኔ በወቅቱ የካራቫኑ ባለቤት የሆነው አነስተኛ የቤተሰብ የጉዞ ድርጅት የተሽከርካሪ ጥገና ኃላፊ ነበርኩ። አጠቃለሉን የወሰንኩት እኔ ነኝ። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ያልተሳካውን ግን ከተሳካው እኩል ለመጻፍ ሞክሬአለሁ።

ካራቫኑና ያረፈበት ቦታ

ካራቫኑ ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ የገባ ሲሆን ሁለት ጎማ ያለው ባለ አንድ አክስል ነው። የቤቱ ርዝመት 5 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ 2 ሜትር ከ20፣ ከመሬት እስከ ጣሪያ ያለው ቁመት 2 ሜትር ከ60 ነው። ግድግዳው ሦስት ንብርብር አለው፤ ከውጭ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ከመሃል የእንጨት ማገርና በማገሮቹ መካከል የገባ ነጭ ፎም፣ ከውስጥ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ። መስኮቶቹ ከመስታወት ሳይሆን ከድርብ አክሪሊክ፣ ማለትም ብርሃን ከሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ የተሠሩ ናቸው፤ አክሪሊክ ቀላልና እንደ መስታወት ቶሎ የማይሰበር ቢሆንም አቧራ በያዘ ጨርቅ ሲታሽ በቀላሉ ይጫራል። ላሜራዎቹ በየማዕዘኑ የሚገናኙበት ቦታ በአሉሚኒየም ጠርዝ ተሸፍኖ በሥሩ በማሸጊያ ተደፍኗል። ማሸጊያው ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በዚያ የገባ ውሃም እንጨቱን ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ከውጭ ላሜራው ስለሚያብረቀርቅ ባለቤቱ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ድርጅቱ ካራቫኑን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ወደ ላንጋኖ፣ ወደ አዋሽና ወደ ባሌ ለሚሄዱ እንግዶች ይጠቀምበታል። ክረምት ሲገባ እንግዳው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ይቆማል። ከተማ ውስጥ ይህን የሚያህል ነገር የሚያቆሙበት ግቢ ውድ ስለሆነ ድርጅቱ ሱሉልታ ላይ በዓመት ኪራይ አንድ ጥግ ይዞ ነበር።

ቦታው የራሱ ጠባይ አለው። የሱሉልታ ሜዳ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተንጣለለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፣ በጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚከብድባቸው ወራት ሲሆኑ አልፎ አልፎ በረዶ ይቀላቀላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ይዞ ይመጣል። ፀሐዩም ቀላል አይደለም፤ ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እኛ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ በምትቆምበት የምድር ክፍል ነን። በዚያ ላይ ግቢው ድርቆሽ ከሚከምር ጎረቤት ጋር ይዋሰናል፤ ድርቆሽ ባለበት አይጥ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ክረምት

ሰኔ 2014 ዓ.ም. ላይ ትልቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ከመርካቶ ገዛን። ካራቫኑን በዚያው ቀን ጠዋት አጠብነውና ከቀትር በኋላ ሸፈንነው። ፍራሾቹ፣ መጋረጃዎቹና ምንጣፉ ውስጥ ቀሩ። የጣሪያውን መስኮት ዘጋን፤ በግድግዳው ላይ ያሉትን የፍሪጁን አየር ማስተላለፊያዎች ደግሞ «ዝናብ እንዳይረጭባቸው» ብለን በፕላስተር አሸግናቸው። ሸራውን እስከ መሬት አውርደን ጠርዙን በብሎኬት ተጫንነው፤ በናይሎን ገመድ ከጣሪያ በላይና ከሆዱ ሥር ሁለት ጊዜ ጠመጠምነው። የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ፣ ባትሪው እንደተገጠመ፣ ጎማዎቹ መረሬው ላይ እንዳረፉ ቀሩ።

የድርጅቱ ባለቤት ሥራውን ለማየት መጥተው፣ «እንዲህ እፍን አድርጋችሁት መተንፈሻ አያስፈልገውም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «እትዬ፣ ዝናብ እስካልገባ ድረስ ምንም አይሆንም» ብዬ መለስኩ። ያኔ የማምነው እንደዚያ ነበር፤ ብዙ ሰውም ዛሬ ድረስ የሚያምነው እንደዚያ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ማንም አልገለጠውም። ግቢው ጥበቃ አለው፤ ሸራውም ከሩቅ ሲታይ ደህና ነበር።

መስከረም ላይ የተገኘው

ሸራውን የገለጥነው ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት፣ ፀሐያማ ጠዋት ላይ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የሸራውን የውስጥ ገጽ ነው፤ ሌሊቱን ዝናብ ሳይጥል ከጫፍ እስከ ጫፍ በውሃ ጠብታ ተሸፍኖ ነበር። በሩ ሲከፈት የወጣው ሽታ ለሳምንታት ተዘግቶ የቆየ የእህል ጎተራ ሽታ ይመስላል። የትልቁን አልጋ ፍራሽ በአንድ እጄ ከጫፉ ሳነሣው ከጠበቅኩት በላይ ከበደኝ። ገልብጬ ሳየው ሥሩ አመድማ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል፤ ሻጋታው ፍራሹ ያረፈበትን የጣውላ ርብራብ መሥመር በመሥመር ተከትሎ ወጥቷል፤ በጣውላዎቹ መካከል አየር ያገኘው ቦታ ግን ንጹሕ ነበር። ያንን ፍራሽ አልረሳውም፤ መልሱ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት አላነበብኩትም።

የልብስ ሣጥኑ ጀርባ፣ ከወንበሮቹ ሥር ያሉት ሣጥኖችና የመጋረጃዎቹ ጠርዝ እንዲሁ ሻግተዋል። በኋላኛው ቀኝ ማዕዘን ኮምፔንሳቶው በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ከእንጨት ሥራ ቤት ተውሰን ባመጣነው የእርጥበት መለኪያ ያ ማዕዘን 27 በመቶ፣ የግድግዳው መሃል 16 በመቶ አሳየ። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚነሣው እርጥበቱ ከ20 በመቶ ሲያልፍ ስለሆነ የመጀመሪያው ቁጥር አሳሳቢ ነበር።

ከውጭም ጉዳት ነበረ። ነፋስ ሸራውን ባርገበገበበት የፊት ማዕዘን ላይ ቀለሙ እንደ ግማሽ ክብ ተፍቆ ላሜራው ታይቷል፤ የፊተኛው መስኮት በአቧራና በሸራ ታሽቶ ጭጋግ መስሏል። የፍሬኑ ሸራ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ የሚያሻሸው ክፍል፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታንቡር ጋር ተጣብቆ አንደኛው ጎማ አልዞር አለ። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ 11.2 ቮልት ላይ ወርዶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተሞልቶም ኃይል አልያዘም። ከወንበሩ ሥር አይጥ የግድግዳውን ነጭ ፎም ቦጭቃ ጎጆ ሠርታለች። ሰማያዊው ሸራ ራሱ፣ ውሃ ባያሳልፍም፣ በጣሪያው በኩል በጥፍር ሲቧጨር እንደ ዱቄት ይራገፍ ጀምሯል፤ በአንድ ክረምት ደመና መካከል የወጣች ፀሐይ ይህን ካደረገች በጋውን በሙሉ ቢቆይ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ውሃው ከየት መጣ

የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ሸራው አንጠባጥቧል የሚል ነበር። ሸራውን በአራት ማዕዘን ወጥረን ውሃ ሞላንበትና አንድ ሰዓት አቆየነው፤ ከሥሩ ጠብታ አልወጣም። ቀጥለን ካራቫኑን ያለ ሸራ በጎማ ውሃ ከታች ወደ ላይ ክፍል በክፍል እያረጠብን አንድ ሰው ከውስጥ እንዲከታተል አደረግን። ከታች መጀመር ጠቃሚ ነው፤ ከላይ ከተጀመረ ውሃው ስለሚወርድ የገባበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ከኋላኛው ቀኝ መስኮት በላይ ያለ አንድ መጋጠሚያ ያስገባል። ይህ የዚያን ማዕዘን ጉዳት በከፊል ያስረዳል፤ ምናልባት ከሸራው በፊት ጀምሮ ሲገባ የኖረ ውሃ ነው። የፍራሹን፣ የሣጥኑንና የመጋረጃውን ግን አያስረዳም።

መንገዱን ያሳዩን የግቢው ጥበቃ ናቸው። በዕድሜ የገፉ፣ በዚያው ሜዳ ከብት አርብተው የኖሩ ሰው ናቸው። ፈተናችንን ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ውሃ ከሰማይ አልመጣም፤ ቤቱ ነው ያላበው። ድርቆሽም ሳይደርቅ በላስቲክ ሲሸፈን እንዲህ ነው፤ ዝናብ ሳይነካው ከውስጥ ይሻግታል» አሉኝ። «አባባ፣ ላቡስ ከየት ይመጣል?» አልኳቸው። በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

ነገሩን ለማረጋገጥ ቀላል ሙከራ አደረግን። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ካራቫኑ ቆሞበት በነበረው መረሬ ላይ ዘርግተን ዳር ዳሩን በአፈር አፈንን፤ ሌላ ተመሳሳይ ፕላስቲክ በግቢው በር አጠገብ ባለው የጠጠር ንጣፍ ላይ ዘረጋን። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ሥሩ ውሃ አዝሎ ጠብታው እየተያያዘ ይወርድ ነበር፤ የሁለተኛው ግን ስስ ጤዛ ብቻ ነበረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞቃት አየር ብዙ የውሃ ተን ይሸከማል፤ 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ሲይዝ 8 ዲግሪ ላይ መያዝ የሚችለው ከ8 ግራም ብዙም የማይበልጥ ነው። ቀን ፀሐይ ወጥታ ሸራውን ስታሞቀው ከሥሩ ያለው አየር ከረጠበው መሬት፣ ከታጠበው ላሜራና ከፍራሹ እርጥበት ይስባል። ሌሊት ሲበርድ ያንን ሁሉ መሸከም ስለሚያቅተው በቀዝቃዛው ሸራ፣ በላሜራውና በመስኮቱ ላይ ይጥለዋል። ጠዋት እንደገና ይተናል፤ መውጫ ስለሌለው ማታ እንደገና ይወርዳል። እኛ ሸራውን እስከ መሬት አውርደን በብሎኬት ስንጫነው መረሬውን ከቤቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቆለፍንባቸው። የሱሉልታ የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ይህ ዑደት ለሦስት ወር ሳያቋርጥ ሠርቷል።

ጥገናው

ስለ ጥገናው አጭር ልሁን። የበሰበሰው ማዕዘን ተከፍቶ ሁለት ማገርና አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ተቀየረ፤ የሚያስገባው መጋጠሚያ አሮጌው ማሸጊያ ሙሉ በሙሉ ተፍቆ በአዲስ ተደፈነ። በአሮጌው ላይ ሲሊኮን መደረብ ለሳምንታት ቢያስደስትም መልሶ ይላቀቃል። ፍራሾቹና ባትሪው ተጣሉ። መስኮቱ በማለስለሻ ቅባት ተወልውሎ ከፊሉ ጠራ። ካራቫኑ ወደ ሥራ የተመለሰው ኅዳር ላይ ነው፤ ድርጅቱ የወቅቱን መጀመሪያ ሁለት ወር ገደማ አጣ።

ለሁለተኛው ክረምት የተደረገው ምርጫ

ለካራቫን ተብለው በውጭ የሚሠሩ ልብሶች አሉ፤ ብዙዎቹ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ በተሠራ፣ በተደራረበ ያልተሸመነ ጨርቅ የሚሠሩ፣ ውሃን እየከለከሉ ተንን የሚያሳልፉና በካራቫኑ ልክ የተቆረጡ ናቸው። በገበያችን አላገኘናቸውም፤ ማስመጣቱም ከአቅማችን በላይ ሆነ። ከሁሉ የሚሻለው የቆርቆሮ መጠለያ ነበር፤ ነገር ግን ቦታው የዓመት ኪራይ ስለሆነ ቋሚ ነገር እንድንሠራ አልተፈቀደልንም። የቀረን እዚሁ የሚገኝ ሸራ ነበር፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። የከባድ መኪና ጭነት የሚሸፈንበት ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ የተቀባ ሸራ ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ ይችላል፤ ውሃ ፈጽሞ አያሳልፍም፤ አየርም ግን አያሳልፍም። የጥጥ የድንኳን ሸራ ይተነፍሳል፤ ሲረጥብ ይከብዳል፤ እርጥብ እንደሆነ ከታጠፈ ራሱ ይሻግታል።

ሁለቱንም በየሙያቸው ለመጠቀም ወሰንን። ዋናው ለውጥ ግን ከሸራው ዓይነት ይልቅ አቀማመጡ ነበር፤ ካራቫኑን ማልበስ ትተን ማስጠለል ጀመርን። በግራና በቀኝ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አራት አራት የባሕር ዛፍ አጠና አቆምን፤ ከጣሪያው ከፍ ብሎ መሃል ለመሃል አንድ ረጅም አጠና አጋደምን፤ ከእርሱ ወደ ሁለቱ ጎን ወራጅ አወረድን። በዚህ ላይ ፒቪሲው ሸራ እንደ ጎጆ ክዳን ተዘረጋ። የክዳኑ ጠርዝ ጠፈጠፉ ከጎማዎቹ ርቆ እንዲወርድ ወጣ ብሎ ቀረ። ዝናቡ በነፋስ ተገፍቶ በሚመጣባቸው ሁለት ጎኖች ላይ ብቻ የጥጥ ሸራ እንደ መጋረጃ ሰቀልን፤ ከታች 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይም ከክዳኑ ሥር አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተተወ። ሸራው ካራቫኑን የሚነካበት አንድም ቦታ አልነበረም።

መሬቱ የሸራውን ያህል ትኩረት አገኘ። መረሬውን አንድ ጫማ ያህል ጠርገን 20 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ሞላንበት፤ ዙሪያውን ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን። ጎማዎቹ በወፍራም ጣውላ ላይ አረፉ፤ በጎማው ላይ በተጻፈው መሠረት የተፈቀደላቸውን ከፍተኛ ንፋስ ተሞሉ፤ ፀሐይ እንዳያያቸው በኬሻ ተሸፈኑ። የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀና በፊትና በኋላ ታኮ ገባ። የፊት እግሩ በመጠኑ ዝቅ ተደርጎ ጣሪያው ላይ የሚያርፍ ጤዛ እንዲወርድ ተደረገ።

ውስጡም ባዶ ሆነ። ፍራሾች፣ መጋረጃና ምንጣፍ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ተወሰዱ፤ የውሃ ጋኑና ቧንቧው ተራገፈ፤ የጋዝ ሲሊንደሩ ወጣ። የሣጥንና የፍሪጅ በሮች በቁራጭ እንጨት ተደግፈው ክፍት ተተዉ፤ የጣሪያው መስኮት ሁለት ጣት ያህል ተከፈተ፤ ክዳን በላዩ ስላለ ዝናብ አይደርስበትም። የአየር ማስተላለፊያዎቹን በዚህ ጊዜ ያሸግናቸው በጠባብ የሽቦ ወንፊት ነው፤ አይጥ ይከለክላል፣ አየር ያሳልፋል። ወለሉ ላይ ያሉትን የጋዝ ማውረጃ ቀዳዳዎች ግን በምንም ምክንያት መድፈን አይገባም፤ የምድጃ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ የሚወጣው በእነርሱ ብቻ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ቢሮ ገባ፤ በየወሩ እየተለካ ከ12.4 ቮልት ሲወርድ ይሞላ ነበር።

ጥበቃውን አባባን በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ትንሿን የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ እያዩ በደብተር እንዲጽፉልን፣ ፀሐይ ባለበት ረፋድም ከ5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በሩን እንዲከፍቱ ለመንናቸው። ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ ተቆረጠላቸው።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ ካራቫኑ ሻጋታ አልነበረውም። የእርጥበት መለኪያው በሁሉም ግድግዳ ከ17 በመቶ በታች አነበበ። ፍሬኑ አልተጣበቀም፣ ቀለሙ አልተነካም፣ ባትሪው ሠራ። ካራቫኑ በዚያው ወር መጨረሻ ወደ ላንጋኖ ወጣ።

ነገር ግን ክረምቱ ያለ ችግር አላለፈም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከበረዶ ጋር የመጣ ነፋስ ክዳኑን ከምዕራብ በኩል አንሥቶ ሁለት አጠናዎችን አዘመመ። ጉድጓዱ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም መረሬው ለስልሶ ስለነበር ሊይዛቸው አልቻለም። መፍትሔው ጠጠር የተሞሉ ሁለት በርሜሎችን ከውጭ አቁሞ ውጥር ገመድ ማሰር ሆነ። ገመዱን ከሸራው ቀለበት ጋር በቀጥታ ሳይሆን ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ የጎማ ቁራጭ በኩል አገናኘነው፤ ነፋስ ሲጎትት ጎማው ይሳባል እንጂ ቀለበቱ አይቀደድም። ይህን ያደረግነው ሁለት ቀለበት ከተቀደደብን በኋላ ነው።

በምሥራቅ በኩል የክዳኑ ተዳፋት አነሰ። በሁለት ወራጆች መካከል ሸራው ረግቦ ውሃ ቋጠረ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 100 ሊትር፣ ማለትም 100 ኪሎ ነው፤ ወራጁ ጎበጠ። በመካከል ሌላ ወራጅ ጨመርን፤ ጥበቃውም ከዝናብ በኋላ በመጥረጊያ እጀታ ከሥር እየገፉ ያፈሱት ነበር። መጀመሪያውኑ ክዳኑን ቀጥ አድርገን ብናወርደው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ከዚህም ሌላ የአንዱ አጠና ጉጥ ሳይላግ ቀርቶ ፒቪሲውን ፍቆ በሳው፤ ቀዳዳው የጣት ጫፍ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲያ ሸራ የሚያርፍበትን እንጨት ሁሉ በካላማዳሪያ ጠቀለልነው።

ትልቁ ያልተሳካ ሐሳብ የጨው ነበር። እርጥበት ይስባል ብለን በሦስት ሳህን የገበታ ጨው ውስጥ አስቀመጥን። የገበታ ጨው ከአየር ውሃ መሳብ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በታች ምንም አያደርግም፤ ሲያልፍ ደግሞ ይቀልጣል። አንዱ ሳህን ሞልቶ በበሩ ደፍ አሉሚኒየም ላይ ፈሰሰና ነጭ ዝገት አበቀለበት። በነሐሴ ሁሉንም አወጣን። አየር በሚዘዋወርበት ክፍት ቤት ውስጥ ሳህን ጨው ማስቀመጥ ሜዳን ለማድረቅ መሞከር ነው።

የጥበቃው ደብተር ያስተማረኝ ሌላ ነገር አለ። በሰኔ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣሪያው መስኮት በስሕተት ተዘግቶ ነበር፤ የአየሩ እርጥበት ንባብም ከ80 በመቶ በላይ ነበር። ከተከፈተ በኋላ በአብዛኛው ከ65 እስከ 75 ባለው ውስጥ ቆየ። ከዚያ በታች እንዲወርድ ብንመኝም፣ አየር ማስተላለፍ ቤቱን ከውጭው አየር የበለጠ ሊያደርቀው አይችልም። ስለዚህ የሱሉልታ ክረምት የሚሰጣትን የረፋድ ፀሐይ መጠቀም፣ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሳይጀምር መዝጋት ነው የሚቻለው። ደብተሩ ላይ በሩ የተከፈተባቸው ቀናትና በማግስቱ ያለው ንባብ ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ለሌሎች የሚጠቅመው

ተመሳሳይ ችግር ያለበት ካራቫን ብቻ አይደለም። ክረምቱን በሸራ ተሸፍነው የሚቆሙ ሚኒባሶች፣ ጀልባዎች፣ በኮንቴይነር አጠገብ የሚከመሩ የቢሮ ዕቃዎችና ድንኳኖች ሁሉ ይህንኑ ይቀምሳሉ። ሸራ ስንገዛ ውሃ ያሳልፋል ወይ ብለን እንጠይቃለን፤ ያንን ያህል መጠየቅ ያለበት ከሥሩ የሚነሣው ተን በየት ይወጣል የሚለው ነው። የማያሳልፍ ሸራ ክፉ አይደለም፤ ክፉ የሚሆነው ዕቃውን ሲነካና መሬት ድረስ ሲወርድ ነው። አቅም ያነሰው ሰው አጠና ማቆም ባይችል እንኳ በጣሪያው ላይ በጨርቅ የተጠቀለሉ ጥቂት ጣውላዎች አስቀምጦ ሸራውን ከፍ ቢያደርግና ጫፉን ከመስኮቶቹ ግርጌ በላይ ቢያቆመው ከእኛ የመጀመሪያ ክረምት እጅግ የተሻለ ያደርጋል።

መሬቱ መረሬ ከሆነ ከሸራው በፊት ገንዘብ የሚወጣው ለጠጠር ነው። በእኛ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ጠጠሩ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ከክዳኑ ለይቼ ባልለካውም። የታጠበ ተሽከርካሪን በዚያው ቀን መሸፈን አይገባም፤ ሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን በሩ ተከፍቶ ይድረቅ። መጋጠሚያዎች የሚፈተሹትም ከሸራው በፊት፣ በግንቦት ነው፤ ሸራ የተበላሸን መጋጠሚያ ይደብቃል እንጂ አይጠግንም። ከሁሉም በላይ የተሸፈነ ነገር የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ክረምት በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ገልጠን ብናይ ኖሮ ጠብታዎቹን እናገኛቸው ነበር።

ሸራውም የራሱ ጥበቃ ይፈልጋል። ጥቅምት ላይ ክዳኑን ስናወርድ የጥጡን መጋረጃ በአጥር ላይ ዘርግተን ሦስት ቀን አደረቅነው፤ ፒቪሲውን አጥበን በሁለቱም ገጽ ፀሐይ አሳየነው፤ የተቀደዱትን ቀለበቶችና የተበሳውን ቦታ ሸራ ሰፊ ጠገነልን። ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ ጠቅልለን ከጎረቤቱ የድርቆሽ ክምር ርቆ በሚገኘው መጋዘን ውስጥ፣ አይጥ እንዳይደርስባቸው በሽቦ ከማገር ላይ ሰቀልናቸው።